ሸምሱ አፌን እያየ ነበር

ይህ ነገር አንድ ሱቅ፣ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ሸሪክ፣ ለሰባት ወር ያህል ደግሞ ድምፄን አስከፍሎኛል። ሱቅ ይተካል። ሸሪክም ተፈልጎ አይጠፋም። ድምፅ ግን የት እንደሚሸጥ እስካሁን አላገኘሁም፤ መርካቶ የሌለ ነገር ደግሞ የትም የለም።

ይህ ሁሉ የመጣው በአራት ሰከንድ ነው። ምናልባት በአምስት።

ያኔ አየር ጤና፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ከጋራዦቹ መሃል፣ የብረታ ብረት ሱቅ ነበረን። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ሁሉ። ሸምሱ ዕቃ ማምጣትና ሒሳብ፣ እኔ ደግሞ አፍ። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ የሥራ ክፍፍላችን ነበር። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ማስቲካና ሶፍት በደረቴ አንጠልጥዬ ስዞር ያደግኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቴ ፌርማታ ነው፤ እዚያ ዝም ያለ ልጅ ምሳ አይበላም። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ደምሴ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ጡሩምባው» ነው የሚለኝ።

ብረት ከጭነት መኪና የሚራገፍበት ሥርዓት አለ። ላይ ሁለት አውራጅ ይቆማል፤ ታች ሁለት ሰው ይቀበላል። ታች ያሉት ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው ትከሻቸውን ያመቻቻሉ፤ ስለዚህ ከላይ የሚመጣባቸውን አያዩም። ፊት ለፊታቸው፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ጠሪ ይቆማል። የሚያይላቸው እሱ ነው። «ያዝ» ሲል ይይዛሉ፣ «ልቀቅ» ሲል ይለቃሉ፣ «ሽሽ» ሲል ለምን ሳይሉ ይዘላሉ። በጋራዦቹ ቅጥቀጣ መሃል ጆሮ ብቻ አያስተማምንም፤ ታች ያለው ሰው የጠሪውን አፍ እያየ ነው የሚሠራው። እኛ ዘንድ ጠሪው እኔ ነበርኩ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የአንድ ሰው ጥፍር እንኳ አልተነቀለም።

ያን ሰሞን ከሸምሱ ጋር ተጣልተን ነበር። እሱ ቤተል በኩል ሁለተኛ ሱቅ እንክፈት ይላል፤ እኔ አንዱንም በቅጡ አልያዝነው እላለሁ። ሰኞ ዕለት ጎረቤት እየሰማ «ወይ አንተ ትወጣለህ፣ ወይ እኔ!» አልኩት። በኔ ድምፅ ሲሆን ጎረቤት የሚባለው እስከ ዘነበወርቅ ድረስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቱቦላሬ የጫነ መኪና መጣ። ከአውራጆቹ አንዱ ስለቀረ ሸምሱ ጃኬቱን አውልቆ ታች ገባ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወገብህን ለልጅ ልጅህ አስቀምጥለት እንጂ» አልኩት።

«ካንተ ጋር ከማወራ ብረት ብሸከም ይሻለኛል» አለ፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። ጠባችን እዚያ ደረጃ ላይ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ማንም አልያዘልኝም።

እኔ ማዶ ቆምኩ። የመጀመሪያው እስር ወረደ። «ያዝ! … ልቀቅ!» ሁለተኛውም ወረደ። ሦስተኛው ላይ የታሰረበት ሽቦ ተበጠሰ። ድምፁን አልሰማሁትም። ያየሁት ቱቦላሬዎቹ አንድ በአንድ ከመኪናው ጎን እየተንሸራተቱ ሲመጡ ነው። ቀስ ብለው ነበር የሚመጡት። ይህን ማንም አያምነኝም። ሌላው ተቀባይ ወደ ጎን ተራምዶ ላቡን እየጠረገ ነበር፤ ከስሩ ያለው ሸምሱ ብቻ ነው። አንዲት ቃል ነበር የምትበቃው። ሁለት ፊደል።

ሸምሱ አፌን እያየ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ በሩን ከውስጥ የቆለፈው ይመስል ነበር። እጄም አልተነሳም፣ እግሬም አልተንቀሳቀሰም። አልደነገጥኩም ብላችሁስ? ምንም አልተሰማኝም። ብርድ ብቻ። የሸምሱ ሸሚዝ ሦስተኛ ቁልፍ በሰማያዊ ክር መሰፋቱን አየሁ፤ ሌሎቹ በነጭ ነበሩ። ሙንተሃ ናት የምትሰፋለት፣ ነጭ ክር አልቆባት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሰዓት ያሰብኩት እሱን ነው።

የሸምሱ ፊት ሲለወጥ አየሁ። መጀመሪያ ጠበቀኝ፣ ቀጥሎ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ገባው። ሊዘል ሲል ብረቱ ቀኝ እግሩን ይዞት ወደቀ።

ሰፈሩ በሙሉ ሮጠ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። አንዱ ትከሻዬን መትቶ «ደምሴ፣ አንሳ እንጂ! ምን ትገተራለህ?» አለኝ። ሰማሁት፤ ግን ለሌላ ሰው የተነገረ ነው የመሰለኝ። ብረቱን አንስተው ሸምሱን በፒክአፕ ጭነውት ሄዱ። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ እጄን ይዛ በርጩማ ላይ ያስቀመጠችኝ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው አሉ። እኔ የማስታውሰው ድንገት መንቀጥቀጥ መጀመሬን ነው። ጥርሴ ሲንገጫገጭ የሰጠችኝ የሻይ ብርጭቆ ላይ ይሰማ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ የሸምሱ ሚስት ሙንተሃ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሸምሱ ቀዶ ጥገና ገብቷል።

«ደምሴ፣ ማዶ ቆመህ አልነበር?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራህለትም?»

እዚህ ላይ ነው ነጋዴ ብቻ የሚሠራውን ስህተት የሠራሁት። ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ካለ ቶሎ የሚያሸጠውን ነው የምንናገረው። «አየሁ፣ ግን ድምፄ እምቢ አለኝ» የሚለውን ማን ይገዛል? እኔ ሻጩ ራሴ አልገዛውም።

«አላየሁም» አልኳት። «ፊቴን አዙሬ ነበር።»

ወዲያው ተሸጠ። አለቀሰችና ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። እኔም በዚያች ደቂቃ ጥሩ ያደረግኩ መሰለኝ።

ሸምሱ ማግስቱን ሲነቃ የተናገረው ይህን ነው፦ «አይቷል። ዓይን ለዓይን ተያይተን ነበር።»

ሙንተሃ ይህን ከሰማች በኋላ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። ሰው መጥራት ቢያቅተው ለምን ይዋሻል? የዋሸው የሚደብቀው ቢኖረው ነው። የሰኞው ጠባችን ተመዘዘ። ቅዳሜ ከሰዓት ወሬው ኮልፌን አዳርሶ ተመልሶ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ነበር፦ «ጡሩምባው ሸሪኩን በብረት ሊያስጨርሰው ነበር። ያ አፍ ለሳንቲም ይጮሃል፣ ለሰው ነፍስ ዝም አለ።»

በእነዚያ ቀናት መቀመጥ አቃተኝ። ሱቅ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ታክሲ እገባለሁ፣ ሳይሞላ እወርዳለሁ። ከአየር ጤና ዘነበወርቅ በእግሬ፣ ከዘነበወርቅ ወደ ቆሼ፣ እንደገና ወደ ኋላ። ምግብ ቆሜ ነው የምበላው። ከኋላዬ ብረት ነገር ከወደቀ አንገቴ ይደርቃል። ደምበኛ «ይሄ ስንት ነው?» ሲለኝ በጣቴ አሳያለሁ፤ ድምፄ ሲወጣ እንኳ የሰለለ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ስሄድም ስቆምም አይለቀኝም። ፈልጌው ይሆን? «ወይ አንተ ትወጣለህ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው የራሱን ልብ መጋዘን ሙሉ በሙሉ ቆጥሮ ያውቃል?

ረቡዕ ሸምሱን ልጠይቅ ሄድኩ። የሚስቱ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ አላስገባኝም። ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ነርስ ሁለት ሦስቴ አልፋኝ በመጨረሻ ቆመች። ስሟ ሲስተር ሰብለ ነው፤ የአእምሮ ጤና ክፍል እንደምትሠራ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ቀድሜ ባውቅ እሮጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?»

«አዎ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚችው ሴራሚክ ላይ ነዎት።»

«ኪራይ አለው እንዴ?»

አልሳቀችም። እጆቼን አየች። እኔም ሳያቸው ለካ ጨብጫቸዋለሁ፤ አንጓዎቹ ነጥተዋል። ቢሮዋ አስቀመጠችኝ። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ምናልባት ምንም የምሸጥላት ነገር ስላልነበረ ነው።

ሰምታኝ ስትጨርስ «አደጋ ሲመጣ ሰውነት ይጋፈጣል፣ ወይ ይሮጣል» አለች። «ሁለቱም የማያዋጣ ከመሰለው ደግሞ ይደርቃል። ድምፅ ይዘጋል፣ እጅ እግር ይታሰራል፣ ስሜቱ ሁሉ ይጠፋል። ውሳኔው የሚሰጠው እርስዎ ሳይጠየቁ ነው።»

«ሳልጠየቅ በኔ ስም ተፈርሟል ማለት ነው?»

«እንደሱ ይበሉት።»

«ግን እኮ ከብረቱ ስር የነበረው እሱ ነው። እኔን ምን አደረቀኝ?»

ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። «ልጅ እያሉ፣ ድምፅ ማሰማት አደገኛ የነበረበት ቤት ውስጥ ኖረው ያውቃሉ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደህና ሴት መስላኝ ነበር።

የእንጀራ አባቴ አናጢ ነበር። ጠጥቶ ሲገባ የመሣሪያ ሣጥኑን በሩ ላይ ይጥለዋል፤ ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ እኛ ልጆቹ አልጋ ስር ነን። አንድ ቀን እናቴን ሲመታ አላስቻለኝም፣ ወጥቼ ጮህኩ። ጎረቤት እንዲሰማ ብዬ ነው። ጎረቤት አልመጣም። እኔንም አልነካኝም። እሷን ግን በእጥፍ መታት፤ «ልጅሽ ሲጮህ ነው» እያለ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ጮኼ አላውቅም። ውጭ ጡሩምባ፣ ቤት ድንጋይ። ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ሲስተር ሰብለ «ሰውነትዎ አንድ ነገር ተምሯል» አለች። «ብረት ሲወድቅና የሚወዱት ሰው ሊጎዳ ሲል መጮህ ነገሩን ያብሳል ብሎ። ያኔ ትክክል ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ልክ አልነበረም፤ ሰውነት ደግሞ ዘመን መለወጡን አያውቅም።»

«ታዲያ ማን ይንገረው?»

«ቀስ ብለን እንነግረዋለን። ወራት ይፈጃል።»

«እሁድ ከሸምሱ ጋር ሽማግሌ ፊት ልቀርብ ነው እኮ። እሁድ!»

«እንግዲያው ለእሁድ ያህል ይሄን ይያዙ። ከደረቁ ራስዎን አይሳደቡ፤ ስድቡ ይበልጥ ያደርቃል። እግርዎን መሬት ላይ ጫን ያድርጉ። ዓይንዎ ያረፈበትን ነገር በልብዎ ይጥሩ። ትንፋሽዎን ረዘም አድርገው ያውጡ። ቃል ካልመጣ በጉሮሮዎ ‹እም› ይበሉ፤ ቃሉ ይከተላል። ሕክምናው ግን ይህ አይደለም። ማክሰኞ ይምጡ።»

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ሸምሱ ቤት ተሰበሰብን። ሸምሱ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ቀኑ ነው፤ ፍራሽ ላይ እግሩን በትራስ ደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ እኔ ላይ አላረፈም። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው ሐጂ ኑሪ፣ ድሮ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ፣ ሁለታችንንም ገና ጀማሪ ሳለን የሚያውቁን አባት ናቸው። በነሱ ፊት የተባለ ቃል አይታጠፍም፤ ሁላችንም ይህን እናውቃለን።

«ደምሴ፣ ልጄ» አሉኝ። «ክርክር አንፈልግም። ዙሪያ ጥምጥም አንፈልግም፤ አፍህን እናውቀዋለን። አንድ ቃል ነው። አይተሃል ወይስ አላየህም?»

«አላየሁም» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ምስክር የለም፣ የሱ ቃልና የኔ ቃል ነው፤ አደጋ ነው ተብሎ ይታረቃል፣ ሱቁም ይቀጥላል። «አየሁ» ብል ሰው አይደለሁም። ከቤቴ ስወጣ ቆርጬ ነበር፦ «አየሁ» ልል።

አፌን ከፈትኩ።

እዚያው። ያው በር፣ ያው ቁልፍ። ብርዱ ከእግሬ ተነስቶ ወጣ። የክፍሉ ድምፅ ራቀ። አንደኛው ሽማግሌ ለሌላው «ዝም ማለቱ መልስ ነው» ሲል ከሩቅ ሰማሁ። ሙንተሃ ከጓዳው በር ላይ ሆና «አላህ አፉን ያዘበት! ሁለተኛ መዋሸት አቃተው!» አለች። ሐጂ ኑሪ መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው ሊነሱ ሲሉ፣

«ቆዩ!» አለ ሸምሱ።

ሁሉም ዞረ።

«ዝም በሉ። ፊቱን እዩት። አፉን እዩት።» በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይሄ ነው። የዚያን ቀን ያየሁት ፊት ይሄ ነው።»

«የምን ፊት?» አሉ ሐጂ።

«ይሄው! እሱ እዚህ የለም እኮ። ደምሴ፣ የት ነህ አንተ?»

እግሬን ጫንኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዷል። ካልሲ፣ አልኩ በልቤ። ቀይ ምንጣፍ። የሐጂ ከዘራ። የትራስ ጨርቅ። ትንፋሼን አወጣሁ፤ አለቀ ስል ገና ነበረው። ከዚያ «እም» አልኩ። የተበላሸ ፍሪጅ ነው የሚመስለው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊስቅ ሲል ሐጂ በዓይናቸው ያዙት። እንደገና «እምም»። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ግን አልተነሳም።

«አየሁ» አልኩ።

ሹክሹክታ ነበር። ደገምኩት። «አየሁ። ጊዜም ነበረኝ። ድምፅ ነበር ያጣሁት። ለሙንተሃ ዋሽቻታለሁ።»

ሸምሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። «ፈልገህ ነው?»

«አይመስለኝም።»

«አይመስለኝም ምን ማለት ነው?»

«ያን ሰሞን ጠልቼህ ነበር፣ አልዋሽህም። ብረቱ ሲመጣ ግን አልጠላሁህም፣ አልወደድኩህም። ምንም አልነበርኩም። የሸሚዝህ ቁልፍ ሰማያዊ ክር ነበረው። ያሰብኩት እሱን ነው።»

ሙንተሃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ክሩን የምታውቀው እሷ ናት።

ሸምሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ፈልገህ ነው ብዬ ዘጠኝ ሌሊት ሰድቤሃለሁ» አለ። «አሁን ደግሞ ምን ብዬ እንደምሰድብህ አጣሁ። ደክሞኛል። ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ሽርክናው ይፍረስ፣ ሱቁ ለሸምሱ ይቅር አሉ። አልተከራከርኩም። በሕይወቴ ሳልከራከር የፈረምኩት ውል እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሲስተር ሰብለ ጋ ሄድኩ። ከዚያም በየማክሰኞው፣ ለሰባት ወር። መጀመሪያ ያስተማረችኝ መንቀጥቀጥን አለማፈን ነው፤ ያ በርጩማው ላይ የያዘኝ ነገር ለካ ሰውነቴ ሊፈታ ሲል ነበር። አልጋ ስር ያለውን ልጅ ነገር በትንሽ በትንሹ አወራን፤ ሲበዛብኝ እናቆማለን፣ እግሬን እጫናለሁ፣ መስኮቱን አያለሁ፣ እንቀጥላለን። አንዳንድ ማክሰኞ ስለ ዝናብ ብቻ አውርተን ወጥቻለሁ። ቸኩዬ «ቶሎ የሚሠራ የለም?» ስላት «ጋሼ፣ በችኮላ የተበየደ በር አይተው አያውቁም?» አለችኝ። እኔኑ በሙያዬ።

አንዱን ክፍል ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። «ከፍ ያለ ድምፅ ለማውጣት ደህና የሚሉትን ቦታ ያስቡ» ስትለኝ ብጮህ ማንም ዞሮ የማያየኝ ቦታ የት አለ ብዬ አሰብኩ። አየር ጤና ታክሲ ተራ! እዚያ የሚጮህ ሰው ሳይሆን ዝም ያለው ነው የሚታየው። ኮት ለብሼ ከወያላዎቹ መሃል ቆሜ «ጦር ኃይሎች!» አልኩ። መጀመሪያ አይጥ ነበርኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ሰምተውኝ «የኔ ልጅ፣ የቱ ነው መኪናህ?» አሉኝ። ወያላው «አባት፣ ኮሚሽን የለም እንጂ ይቀጥሉ» አለኝ። በአምስተኛው ሳምንት ከጦር ኃይሎች ወደ «ሽሽ!» ተሸጋገርኩ፤ ሰው ሁሉ ዘለለ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ የገዛሁትን ብቻ ነው። «ለምን አልጮህክም? ለምን አልሮጥሽም?» የሚለውን ጥያቄ ሁላችንም እንጠይቃለን። ሌባ ፊት የቆመውን እንጠይቃለን። አንድ ወንድ ሲነሳባት ድምፅ ያልወጣትን ሴት እንጠይቃለን፤ ጠይቀንም አናበቃም፣ «ፈልጋ ነው» ብለን እንፈርዳለን። እኔም ከሐሙስ በፊት እፈርድ ነበር፤ ጮክ ብዬ። አሁን የማውቀው፣ የደረቀ ሰው የመረጠው ነገር እንደሌለ ነው። አትነቅንቁት፣ አትጩሁበት፣ አጠገቡ ሁኑ፣ ስሙን ጥሩት፣ ጊዜ ስጡት። የደረቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ቶሎ የሚሸጠውን ምክንያት አትሽጡ። እኔን የበላኝ ዝምታው ብቻ አይደለም፤ «አላየሁም» ያልኩት ነው። የሚያዳምጥ ባለሙያ ፈልጉ። ማፈሩን እኔ አፍሬላችኋለሁ።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ሸምሱ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ይራመዳል። ሱቁ የሱ ነው፤ ብረት ሲወርድ የሚጠራለት ሰው ቀጥሯል። እኔ አራት ቤት ዝቅ ብዬ ቀለምና ብሩሽ እሸጣለሁ። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ደርቄያለሁ፤ ሁለተኛው ደቂቃ አልሞላም። ያ የጮህኩበት ቀን ድምፄን እንደዘጋው እናቴ በሕይወት ሳለች አልነገርኳትም። ከሸምሱ ጋር ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን። ሙንተሃ አታናግረኝም።